በቅጠል ላይ የሚረጭ ናይትሮጅን በፖም ዛፍ ውስጥ ስለሚያደርገው ጉዞ

ተክል ምግቡን ከመሬት የሚያገኘው በሥሩ ነው የሚለው ትምህርት እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ቅጠልም በላዩ የተረጨውን ማዳበሪያ ተቀብሎ ለቀረው የዛፉ አካል ማስተላለፍ ይችላል። ይህ ነገር በፖም ዛፍ ላይ በሚገባ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት ሲሆን፥ ለሙከራው የተመረጠው ማዳበሪያ ዩሪያ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ስለ መርጨቱ ብቻ አይደለም፤ የተረጨው ናይትሮጅን የት እንደሚከማችና፥ ቅጠሉ ከዛፉ የሚወርድበት ቀን ለምን ታላቅ ዋጋ እንዳለው ጭምር ነው።

የቅጠል ገጽ ውሃው እንዳይባክን በስስ የሰም ሽፋን የተጠበቀ ነው። እንደ ናይትሬት ያሉ የኤሌክትሪክ ሙል የተሸከሙ አዮኖች ይህን ሽፋን ለማለፍ ይቸገራሉ፤ የዩሪያ ሞለኪዩል ግን ትንሽና ሙል የሌለው ስለ ሆነ ይቀልለዋል። የፖም ቅጠል የአየር ቀዳዳዎች የሚገኙት በታችኛው ገጹ ሲሆን፥ ይኸው ገጽ ከላይኛው ይልቅ ፈጥኖ ይቀበላል። ጠብታው ሲደርቅ የመግባቱ ፍጥነት ይቀንሳልና በቀትር ፀሐይ የሚረጭ ሰው ብዙውን ድካሙን በከንቱ ያፈስሳል። ከሚገባው ውስጥ አብዛኛው በሁለት ቀን ገደማ ይገባል።

ዩሪያ ወደ ውስጥ ሲደርስ ዩሪኤዝ የሚባለው ኤንዛይም ወደ አሞኒያና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰነጥቀዋል። (ጄምስ ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1926 ከባቄላ ዘመድ ፍሬ ለይቶ በክሪስታል መልክ ያወጣው ይህንኑ ኤንዛይም ነው፤ ኤንዛይም ፕሮቲን መሆኑን በዚህ ስላሳየም በ1946 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።) አሞኒያ ሲበዛ መርዝ ስለ ሆነ ቅጠሉ ሳይዘገይ ወደ ግሉታሚንና ወደ ሌሎች አሚኖ አሲዶች ይለውጠዋል። ለዚህም ሥራ ስኳር ይፈጃል። ስለዚህ በመጸው ዩሪያ የተረጨ ዛፍ የናይትሮጅን ስንቁ ሲጨምር የስታርችና የስኳር ስንቁ የሚቀንስበት ጊዜ አለ፤ ትርፉ ያለ ወጪ አይገኝም።

አሁን ወደ ጎተራው እንምጣ። የፖም ዛፍ በብርድ አገር ቅጠሉን ከማርገፉ በፊት በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን አፍርሶ፥ ከናይትሮጅኑ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ የበለጠውን ወደ ቅርንጫፍ፥ ወደ ግንድና ወደ ሥር ይመልሳል። በመጸው የተረጨውም ናይትሮጅን በዚሁ ጉዞ አብሮ ይወርዳል። በልጡና በእንጨቱ ውስጥ የሚቀመጠው በፕሮቲን መልክና አርጂኒን በተባለው አሚኖ አሲድ ነው። አርጂኒን ለስድስት ካርቦን አራት ናይትሮጅን የሚይዝ በመሆኑ፥ በትንሽ ቦታ ብዙ ለማስቀመጥ ከዚህ የሚሻል ዕቃ ማግኘት ያስቸግራል። ብርዱ ሲያልፍ አፈሩ ገና ቀዝቃዛ ነውና ሥሩ የሚያመጣው ጥቂት ነው፤ አበባውና የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች የሚሠሩት በአብዛኛው ከዚህ ክምችት ነው። ይህም የታወቀው ናይትሮጅን 15 የተባለውን ከባድ አይሶቶፕ በዩሪያው ውስጥ አድርጎ በመርጨትና በዓመቱ በአበባው ውስጥ በመፈለግ ነው።

መጠኑ እንደ ወቅቱ ይለያያል። ለለጋ ቅጠል በ100 ሊትር ውሃ 500 ግራም ዩሪያ ገደማ ይበቃል፤ ዩሪያ ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለ ሆነ ይህ 230 ግራም ናይትሮጅን ማለት ነው። ከዚህ በእጅጉ ከበዛ የቅጠሉ ጠርዝ ይቃጠላል፤ በተለይ ባይዩሬት የተባለው ቆሻሻ በዩሪያው ውስጥ ካለ ጉዳቱ ይከፋል። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ግን ቅጠሉ ሊረግፍ የተቃረበ ስለ ሆነ 3 ኪሎ፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በ100 ሊትር ይረጫል። ፍሬው ሳይለቀም መርጨት የፖሙን ቅላት ስለሚያጠፋ አይመከርም። ቅጠል የሚቀበለው የዓመቱን ፍላጎት ሁሉ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት፤ የአፈሩን ማዳበሪያ ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ይህ ሁሉ የተጠናው ቅጠል በራሱ ጊዜ በሚረግፍበት አገር ነው። በምድር ወገብ አቅራቢያ ባሉ ደጋዎች ግን ብርዱ ስለማይበቃ የፖም ቅጠል በዛፉ ላይ ይቈያል። በኢንዶኔዥያ በምሥራቅ ጃቫ በባቱ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ዛፉ እንደገና እንዲያብብ ከለቀማው በኋላ ቅጠሉን በእጃቸው ያራግፋሉ። በእኛም አገር ፖም በጨንቻና በሌሎች ደጋዎች ስለሚተከል ነገሩ በቀጥታ ይነካናል። አረንጓዴ እንደ ሆነ የተሸመጠጠ ቅጠል በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ይዞ ይወድቃልና፥ በእኔ አስተያየት ዩሪያ ረጭቶ በማግሥቱ ቅጠሉን ማራገፍ ጎተራውን በጆንያ ሞልቶ ጆንያውን ወደ ውጭ እንደ መጣል ነው። ቅጠሉ ጥቂት ሳምንታት ቢታገሥ ምን ያህሉን ይመልሳል?

ይህን ለመመርመር በኮሌጅ ላቦራቶሪ የሚቻል መንገድ አለ። አንድ ዐይነት ዛፎች ተመርጠው ግማሾቹ ዩሪያ ይረጩ፥ ግማሾቹ ውሃ ብቻ፤ ከዚያም የእያንዳንዱ ወገን ቅጠል በአንደኛው፥ በሁለተኛውና በአራተኛው ሳምንት ተራግፎ፥ የቅጠሉና የልጡ ናይትሮጅን ዴንማርካዊው ኬልዳል እ.ኤ.አ. በ1883 ባወጣው ዘዴ ይለካ። በሚቀጥለው አበባ ጊዜም የአበባው ብዛት ይቈጠር። ቅጠሉ ከመድረቁ በፊት በንጹሕ ውሃ በሚገባ መታጠብ አለበት፤ የኬልዳል ዘዴ በገጹ ላይ ደርቆ የቀረውን ዩሪያ ወደ ውስጥ ከገባው አይለይምና።