ከማሳ የበቀለ ደን

የኦኩሜን ዛፍ ቅርፊት በገጀራ ጫር ቢያደርጉት ከቁስሉ ነጣ ያለ ሙጫ ይወጣል። መጀመሪያ ይዝለገለጋል፤ ነፋስ ሲነካው ይጠጥራል። ሽታው ቀለም ቀቢዎች ከሚይዙት አኳራጅ ጋር ይመሳሰላል። የጋቦን ሰዎች ይህን ሙጫ በቅጠልና በቅርፊት ጠቅልለው ችቦ ያደርጉታል፤ ቡዊቲ በሚባለው ሃይማኖታዊ ሥርዓታቸው ሌሊቱን የሚያበራላቸው ይኸው ችቦ ነው። ግንዱን ፈልፍለው ታንኳ ይሠሩበታል። እንግዲህ ኦኩሜን ማን አገኘው ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፤ የአገሩ ሰው። የሚተረከው ሌሎች ዘግይተው ምን ምን እንደደረሱበት ነው፤ እሱም ቢሆን ቅደም ተከተሉን ጠብቆ የመጣ አይደለም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ቴዎፊል ክሌን የተባሉ ካቶሊካዊ ሚሲዮናዊ ሊብረቪል ተቀምጠው የደኑን ቅጠል፣ አበባና ፍሬ እያደረቁ ወደ ፓሪስ ይልኩ ነበር። ተቀባዩ ሉዊ ፒየር ናቸው፤ የሳይጎንን የዕፅዋት መናፈሻ ሲመሩ የቆዩ፣ በኢንዶቻይና ደን ላይ ስማቸው የተጠራ የዕፅዋት ሊቅ። ፒየር ከጋቦን የመጣላቸውን ናሙና ከሚታወቁት የዛፍ ወገኖች የትኛው ውስጥ እንደሚያስገቡት ቸገራቸው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1896 ለብቻው አዲስ ወገን ከፈቱለትና «ኦኩሜያ ክላይኔያና» አሉት፤ ግማሹ የአገሬው መጠሪያ፣ ግማሹ የሚሲዮናዊው መታሰቢያ። እስከ ዛሬ በዚያ ወገን ውስጥ የተመደበው ይኸው አንድ ዛፍ ብቻ ነው።

ሰፋ አድርገን ቤተሰቡን ስንጠይቅ ግን እንግዳ አይደለም። የእጣንና የከርቤ ዛፎች ያሉበት ቤተሰብ ነው። መተማ ቆላ ላይ በድርቅና በጭንጫ መካከል ቆሞ እጣን የሚያነባው አጭር ዛፍና ዝናብ በማይጠፋበት የጋቦን ደን ከ40 ሜትር በላይ የሚመዘዘው ግዙፍ ዘመዳሞች ናቸው። በመልክ ማንም አይጠረጥራቸውም፤ ሙጫቸው ግን ያሳብቃል።

ነጋዴው ግን የሊቁን ስም አልጠበቀም። ግንዱ ከዚያ ቀደም ብሎ ወደ ጀርመን መጫን ጀምሮ ነበር፤ በ1913 የጋቦን የኦኩሜ ሽያጭ ከ100,000 ቶን አልፏል። በዚያው ዓመት አልበርት ሽቫይትዘር ሐኪም ሆነው በኦጎዌ ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ላምባሬኔ መጡ። ስለ እንጨት ቆራጮቹ የጻፉት የግንድ ንግድ ምን ያህል በሰው ጉልበት ላይ እንደቆመ ያሳያል። ዛፉ በመጥረቢያ ይወድቃል፣ እየተንከባለለ ወደ ውኃው ይወርዳል፣ ግንድ ከግንድ በሐረግ ይታሰራል፣ ሰዎች ላዩ ላይ እየበሉና እየተኙ እስከ ባሕሩ ወደብ ያደርሱታል። የጋቦን ደን ብዙ ዓይነት ውድ እንጨት ነበረው፤ ብዙዎቹ ግን ከባድ ስለሆኑ ይሰምጣሉ። ኦኩሜ ይንሳፈፋል። የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ሀብት የተሰበሰበውም ወንዝና ሐይቅ ከደረሰበት ዳርቻ ነው።

ገዢዎቹ ከእንጨቱ የወደዱት ሌላ ጠባይ አለ። ግንዱ ቀጥ ያለና ክብ ነው፤ ሥጋው ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ ቀላልና ልስልስ። መጋዝ አይወደውም፤ በውስጡ ያለው ሲሊካ ጥርሱን ቶሎ ያደንዘዋል። በመላጫ ማሽን ላይ ግን ሌላ ነው። ግንዱ እየዞረ ረጅም ስለት ይገፋበታል፤ መቀቀል እንኳ ሳያስፈልገው ልጣጩ እንደ ጣቃ ጨርቅ እየተተረተረ ይወጣል። ያ ስስ ልጣጭ ተቆራርጦ፣ የአንዱ ጭረት ከሌላው ጋር እንዲሻገር ተነባብሮ፣ ኮላ ተቀብቶ ሲጨመቅ ኮምፔርሳቶ ይሆናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጋቦን ውስጥ ፖርት ዣንቲ ላይ ትልቅ የኮምፔርሳቶ ፋብሪካ ተቋቋመ። ቀላል ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች ዛሬም ኦኩሜን ያስቀድማሉ፤ እርጥበት ሲፈራረቅበት በቀላሉ የሚበሰብስ እንጨት መሆኑን እያወቁ። ጀልባውን የሚያቆየው የኮላውና የሽፋኑ ጥራት ነው።

እስከዚህ ድረስ ጥያቄው ዛፉ ለምን ይጠቅማል የሚል ነበር። በወንዙ ዳር ያለው እየሳሳ ሲመጣ ግን ተተኪው ከየት ይበቅላል የሚለው የደን ባለሙያዎችን ያስጨንቅ ጀመር። የሚጠበቀው ችግኙን ከእናቱ ሥር ማግኘት ነው። እዚያ ሲፈለግ የለም። የኦኩሜ ቡቃያ ጥላ አይችልም፤ ትልልቆቹ ባሉበት ወጣት አይታይም። የተገኘው ሰው ጥሎት በሄደ የካሳቫና የሙዝ ማሳ ላይ ነው፤ ክንፍ ያለው ዘሩን ነፋስ አምጥቶ የበተነበት፣ እኩያ የሆኑ ወጣት ዛፎች ተጨናንቀው የቆሙበት። አንድሬ ኦብሬቪልን የመሳሰሉ የፈረንሳይ የደን ሊቃውንት ይህን አስተውለው ጻፉ። ነገሩ ሲታሰብ ያስደነግጣል። የሰው እጅ አልነካውም እየተባለ በየመጽሐፉ የሚወደሰው ደን ትልልቅ ዛፎቹ የድሮ ገበሬ መንጥሮ ያቃጠለው መሬት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ከጊዜ በኋላ ሪሻር ኦስሊስሊ የተባሉ አርኪዮሎጂስት በመካከለኛው ኦጎዌ፣ ሎፔ በሚባለው አካባቢ ሲቆፍሩ የብረት ማቅለጫ ምድጃ፣ ገልና ከሰል አገኙ። የከሰሉ ዕድሜ ሲለካ ግን ከዛሬ 1,400 ዓመት እስከ 800 ዓመት ገደማ ባለው ዘመን የሰው ምልክት ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ምን እንዳጠፋው እስካሁን ያከራክራል። ቀርቦ በሚታወሰው ዘመን ደግሞ የቅኝ ገዢው አስተዳደር መንደሮችን ነቅሎ በመኪና መንገድ ዳር አሰፈረ፤ የተለቀቀውን ማሳ ደን ወረሰው።

በ1970ዎቹ ከአፈር በታች ሌላ ነገር ወጣ። ጎን ለጎን የበቀሉ ኦኩሜዎች ሥር ለሥር ተጋጥመው አንድ ይሆናሉ፤ የተቆረጠው ዛፍ ጉቶ ያለ አንድ ቅጠል በሕይወት የሚቆየው ጎረቤቶቹ በሥራቸው ስለሚመግቡት ነው። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ይኸኛው ነው፤ የቆራጩ ደብተር ግን አሁንም ግንድ በግንድ ነው የሚቆጥረው።

ኦኩሜ ከ1963 ጀምሮ በጋቦን ብሔራዊ አርማ ላይ ቆሟል። አገሪቱ በ2010 ያልተሠራ ግንድ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች፤ ተልጦና ተሰንጥቆ ይውጣ ብላ። ሕጉ ፋብሪካውን ቢያስገድድም ቡቃያውን አያበቅልም። ከአንድ ሄክታር አንድ ሁለት ዛፍ ብቻ የሚወስደው ቁጥብ አቆራረጥ ለሌላው ደን ደግ ነው፤ የሚከፍተው ቀዳዳ ግን ብርሃን ለሚሻው ለዚህ ዛፍ አይበቃውም። ሎፔ ላይ ደግሞ ችግሩ ተገልብጧል። የብሔራዊ ፓርኩ ሠራተኞች ሜዳው በደን እንዳይዋጥ በደረቁ ወራት ሣሩን ሆን ብለው ያቃጥላሉ፤ እሳቱ ለጥቂት ዓመታት የዘለለውን ሜዳ ቀድመው ከሚይዙት አንዱ ኦኩሜ ነውና።