ራሽ ሲመጣ፦ የካውንተር ስትራይክ ሒሳብና መከላከል

ከጀሞ እስከ ሳሪስ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰፈሮች ጌም ቤት ፈልጎ የሚያጣ ወጣት የለም። ብዙዎቹ ፕሌይስቴሽን ደርድረው እግር ኳስ ያጫውታሉ። ወደ ኮምፒውተሩ ዓለም ስንዞር ግን ከ25 ዓመት በላይ ተጫዋች ያልራቀው አንድ ጨዋታ እናገኛለን፤ ካውንተር ስትራይክ። ከጀርባው ቆሞ ለሚያይ ሰው ጨዋታው ሩጫና ተኩስ ብቻ ይመስላል። ወላጆችም አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት ይህንኑ ነው። ውስጡን የሚያውቁት ግን ማን እንደሚያሸንፍ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ተኩሱ ከመጀመሩ በፊት፣ መሣሪያ በሚገዛባቸው ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መሆኑን ይነግሩዎታል። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ያንን የተደበቀ ክፍል ነው፤ የገንዘቡን ሒሳብ እና ከሒሳቡ የሚወለደውን ድንገተኛ ጥቃት፣ ተጫዋቾች ራሽ የሚሉትን።

ጨዋታው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሚን ሌ እና ጄስ ክሊፍ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ሃፍ ላይፍ በተባለ ሌላ ጨዋታ ላይ ጨምረው ሠሩት። በዓመቱ ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገዝቶ የራሱ አደረገው። ዛሬ በውድድር የሚጫወቱበት ካውንተር ስትራይክ 2 የወጣው በ2023 ነው።

ደንቡ ቀላል ነው። ሁለት ቡድን አለ፤ እያንዳንዱ አምስት ሰው ያሰልፋል። አጥቂዎቹ ኤ እና ቢ ከተባሉት ሁለት ቦታዎች በአንዱ ቦምብ ማጥመድ አለባቸው፤ ተከላካዮቹ ደግሞ ማስጣል። አንድ ዙር 1 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ይፈጃል። ቦምቡ ከተጠመደ በ40 ሰከንድ ይፈነዳል። ለማክሸፍ በባዶ እጅ 10 ሰከንድ፣ የማክሸፊያ ዕቃ ለገዛ 5 ሰከንድ ይበቃል። ከ12 ዙር በኋላ ቡድኖቹ ጎን ይቀያየራሉ፤ ቀድሞ 13 ዙር የሰበሰበው ያሸንፋል። የሞተ ሰው ዙሩ እስኪያልቅ አይመለስም፤ የያዘውን መሣሪያም ያጣል። የተረፈ ሰው ግን መሣሪያውን ይዞ ወደሚቀጥለው ዙር ይሻገራል። የጨዋታው ኢኮኖሚ በሙሉ የተገነባው በዚህች አንድ ደንብ ላይ ነው።

ገንዘቡ እንዴት ይገባል? እያንዳንዱ ተጫዋች ጨዋታውን በ800 የጨዋታ ዶላር ይጀምራል። ይህ ከሽጉጥና ከጥቂት ነገር በላይ አይገዛም። ያሸነፈ ቡድን ለእያንዳንዱ ሰው 3250 ዶላር ያገኛል፤ ያሸነፈው በቦምብ ፍንዳታ ወይም በማክሸፍ ከሆነ 3500። የተሸነፈም ባዶ እጁን አይቀርም። የሽንፈት ድጎማው ከ1400 ይነሣና በተከታታይ በተሸነፈ ቁጥር 500 እየጨመረ እስከ 3400 ይደርሳል። ከተሸነፈ በኋላ አንድ ዙር ቢያሸንፍ ድጎማው ወደ መነሻው አይወድቅም፤ አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ ይላል። ተቃዋሚ መግደልም ይከፍላል፤ በጠመንጃ 300፣ በአብዛኞቹ አነስተኛ አውቶማቲኮች 600፣ በውዱ ኤደብሊውፒ ስናይፐር ደግሞ 100 ብቻ። ርካሽ መሣሪያ ይዞ የሚደፍር ይሸለማል ማለት ነው።

ወጪው ደግሞ ይህን ይመስላል። የአጥቂዎቹ ኤኬ-47 2700 ዶላር ነው። ጥይት መከላከያ ከነራስ ቁሩ 1000፣ የጭስ ቦምብ 300፣ ዓይን የሚያጨልመው ፍላሽ 200። ሲደመር 4200። ተከላካይ ኤምፎር ኤዋንኤስ ጠመንጃ ቢገዛ 2900 ያወጣል፤ ከዚያ ላይ 400 ዶላር የማክሸፊያ ዕቃ ይጠብቀዋል። ሙሉ ለመታጠቅ ተከላካይ ከአጥቂ የበለጠ ገንዘብ ያስፈልገዋል።

አሁን ምሳሌ እንውሰድ። የመጀመሪያውን የሽጉጥ ዙር ተሸንፈን 800ውን ጨርሰናል እንበል። ጨዋታው ሲጀመር የድጎማው ቆጠራ ከመነሻው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ስለሚነሣ ለዚያ ሽንፈት 1400 ሳይሆን 1900 እናገኛለን። በሁለተኛው ዙር ምንም ሳንገዛ ብንሸነፍ 2400 ይጨመርልናል፤ በሦስተኛው ዙር 4300 ይዘን ኤኬውን፣ መከላከያውን፣ ጭሱንና ፍላሹን ገዝተን 100 ዶላር ይተርፈናል። በቁጭት ተነሣስተን 1900ውን በሁለተኛው ዙር ብናጠፋና ብንሸነፍስ? በሦስተኛው ዙር በእጃችን ያለው 2400 ብቻ ነው፤ ኤኬ እንኳ አይገዛም። መቆጠቡን ኢኮ፣ በግድ መግዛቱን ፎርስ ይሉታል። ፎርስ አንዳንዴ ይሠራል። ትልቁ ጥፋት ግን ሁለት ሰው ገዝቶ ሦስቱ ሲቆጥቡ ነው። ያኔ ዙሩም አይገኝ፣ ገንዘቡም አይተርፍ። አምስቱ አንድ ውሳኔ ወስነው ቢሸነፉ እንኳ ቀጣዩ ዙር የታቀደ ነው። ገንዘብ የተረፈው ላነሰው ጠመንጃ ገዝቶ ይጥልለታል፤ ይህ ከመልካምነት ይልቅ ሒሳብ ነው።

ራሽ የሚመጣው ከዚሁ ሒሳብ ነው። ጠመንጃ የሚበልጠው በርቀት ነው፤ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሽጉጥም ይገድላል። ስለዚህ ገንዘብ ያጣ ቡድን ርቀቱን ማጥፋት ይፈልጋል። ተከላካዮች ሁለት ቦታ ለመጠበቅ ተከፋፍለው ስለሚቆሙ አምስቱ አጥቂዎች በአንድ በር ቢጎርፉ የሚያገኙት ሁለት ሰው፣ ቢበዛ ሦስት ነው። ባለፈው ዙር ተቃዋሚው ምን ይዞ እንደሞተ፣ ስንት ጊዜ በተከታታይ እንደተሸነፈ የቆጠረ ተከላካይ ራሹ የሚመጣበትን ዙር አስቀድሞ ይገምታል። ዘበኛ ከመሆኑ በፊት ሒሳብ ሠራተኛ መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ እንዴት ይመከታል? መጀመሪያ፣ ጥጉን መልቀቅ። ሽጉጥ የያዘ ጠላት ሲጠበቅ በር ሥር መደበቅ ጠላት የሚመኘውን ቅርበት በነጻ መስጠት ነው። ራቅ ብሎ ረጅም እይታ ያለበት ቦታ ይያዛል። ሁለተኛ፣ ጊዜ መግዛት። ደስት ቱ በተባለው ዝነኛ ካርታ ወደ ቢ የሚያስገባ ጠባብ ዋሻ አለ። የሩጫ ኮቴ ሲሰማ ተቀጣጣይ ቦምብ በዋሻው አፍ ላይ የወረወረ ተከላካይ አጥቂዎቹን እሳቱ እስኪጠፋ ያቆማቸዋል፤ አለዚያም እየተቃጠሉ ይገባሉ። እሳት ባለበት ላይ ግን የራስን ጭስ መወርወር አይገባም፤ ጭስ እሳትን ያጠፋል። በካውንተር ስትራይክ 2 ጭሱም ቢሆን እንደ ግድግዳ አይታመንም፤ የእጅ ቦምብ ሲፈነዳበት ለአፍታ ይበተናል፣ ጥይትም ቀዳዳ ይከፍትበታል።

ሦስተኛ፣ ብቻ አለመሞት። አንዱ ተከላካይ ተኩሶ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሁለተኛው ከሌላ አቅጣጫ ያንኑ በር ማየት አለበት፤ አንዱን የገደለ አጥቂ ወዲያው በሌላው እንዲመታ። ኮቴ የሰማም ዝም አይልም፤ «ቢ ላይ ሦስት ሰው ሰማሁ» ብሎ ቁጥሩን ይናገራል። በሌላው ቦታ ያሉት ግን በመጀመሪያው ድምፅ ተሰብስበው መሮጥ የለባቸውም፤ ጫጫታው ማታለያ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፣ ቀሪዎቹ ቦምቡ እስኪታይ ይጠብቃሉ።

ቦታው ከተወሰደም ዙሩ አላለቀም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ አንድ በአንድ የሚገባ ተከላካይ አንድ በአንድ ይሞታል። ከ40 ሰከንዱ ጥቂቱን ለመሰባሰብ አውጥቶ፣ ፍላሽ ወርውሮ፣ የማክሸፊያ ዕቃ የያዘውን ከኋላ አድርጎ አብሮ መግባት ይሻላል። ሁለት ሰው ብቻ የቀረው ቡድን አምስት ከገጠመው ደግሞ ጠመንጃውን ይዞ መሸሽ ያዋጣል። በዚያ ሽሽት የሚተርፈው መሣሪያ በሚቀጥለው ዙር ወደ 4000 ዶላር የሚጠጋ ወጪ ያድናል። ከዚህም በላይ፣ ጠመንጃው በድሃው ጠላት እጅ አይወድቅም።

ይህ የስንቅና የጥቃት ሒሳብ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ በጣሊያኖች የተያዘው ምሽግ በቀጥታ ሲጠቃ የኢትዮጵያ ጦር ብዙ ሰው አጥቶ ሊገባ አልቻለም። ምሽጉ እጅ የሰጠው እቴጌ ጣይቱ የውኃው ምንጭ እንዲያዝ ካደረጉ በኋላ ነው። የተዘጋጀ ተከላካይ ግር ብሎ የመጣ ጥቃትን ይመክታል፤ ያለ ስንቅ ግን ምንም ያህል ቢጀግን አይቆይም። ሁለቱም ትምህርት በዚያ አንድ ከበባ ውስጥ አለ።

ከአዲስ አበባ ሆኖ በኢንተርኔት ለሚጫወት ሰው አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ጨዋታው የሚስተናገደው ርቀው ባሉ ሰርቨሮች ነው፤ ዱባይ እንኳ በቀጥታ መስመር 2500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ወደብ የሌላት አገራችን ደግሞ በጎረቤት አገሮች በኩል ዞራ ነው ከባሕር ገመዶቹ የምትገናኘው። መልእክቱ በዘገየ ቁጥር ጥግ ይዞ የሚጠብቀው ተከላካይ ይጎዳል፤ ብቅ የሚለው አጥቂ እሱን የሚያየው እሱ አጥቂውን ከማየቱ ቀድሞ ነው። ስለዚህ ከላፍቶ ወይም ከመካኒሳ የሚጫወት ተከላካይ በጣቱ ፍጥነት ብቻ ባይመካ ይሻለዋል። እሳት፣ ጭስ፣ የጓደኛ ሽፋንና ከመጀመሪያው ምት በኋላ ቦታ መቀየር የዘገየውን የሰከንድ ክፍልፋይ ያካክሳሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ በኬብል ተገናኝቶ መጫወት ደግሞ ይህን ችግር ከሥሩ ያጠፋዋል። አምስት ጓደኛሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ጌም ቤት ለዚህ ጨዋታ ከሁሉ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው የምለውም ለዚህ ነው።

ጀማሪ ከሆኑ ዒላማ ማስተካከልን ለነገ ያቆዩት። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ሦስት ጥያቄ ብቻ በየዙሩ ይመልሱ፤ እኛ ስንት አለን? እነሱ ስንት አላቸው? ብንሸነፍ በሚቀጥለው ዙር ምን እንገዛለን? ሦስቱን ጮክ ብሎ የሚመልስ ቡድን ራሽ ሲመጣበት አይደነግጥም፤ በየትኛው ዙር እንደሚመጣ ራሱ አስልቶታልና። እሳቱንም በጊዜው የሚወረውረው ለዚያ ዙር ብሎ ገንዘብ ያስቀረው ተከላካይ ነው።