ደረጃ የማይናገረው ችሎታ፤ ወላጆች የልጃቸውን የትምህርት ምዘና እንዴት ይረዱት?

የመንፈቀ ዓመቱ ትምህርት ተጠናቆ የውጤት መግለጫ ካርድ ወደ ቤት ሲላክ አብዛኞቹ ወላጆች በቅድሚያ የሚመለከቱት «ደረጃ» የሚለውን ቦታ ነው። ልጁ አንደኛ ከወጣ ይሞገሳል፤ ሃያኛ ከወጣ ይገሠጻል፤ ካርዱም ተፈርሞ ይመለሳል። በዚህ መካከል ልዩ ተሰጥኦ ያለው ልጅ ልብ ሳይባል የሚያልፍበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

ደረጃ የሚያመለክተው ተማሪው ከክፍል ጓደኞቹ አንጻር ያለበትን ስፍራ ብቻ ነው። ፈተናውን የሚያወጣውም የሚያርመውም ትምህርት ቤቱ በመሆኑ፣ ተመሳሳይ ነጥብ በሁለት ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ ትርጉም ላይኖረው ይችላል። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ መሆናቸው፣ የካርድ ውጤትና ከትምህርት ቤት ውጪ የሚካሄድ ምዘና ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ አመላክቷል።

በሒሳብ ከመቶ መቶ ያገኘ ልጅ የተጠየቀውን ሁሉ መልሷል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ የት መሄድ እንደሚችል ግን ነጥቡ አይገልጽም። የ6ኛ ክፍልን ሒሳብ ያለ ረዳት የሚሠራን የ4ኛ ክፍል ተማሪ ችሎታ በ4ኛ ክፍል ፈተና መለካት አይቻልም። ተሰጥኦ ያለው ልጅ ሁልጊዜ ከፍተኛ ነጥብ ያመጣል ማለትም አይደለም። የሚያውቀው ነገር ሲደጋገምበት የሚሰለች ተማሪ የቤት ሥራውን ሳያሟላ ይቀርና ነጥብ ያጣል፤ አልፎ ተርፎም «ረባሽ» የሚል አስተያየት ይጻፍበታል። አፉን ባልፈታበት ቋንቋ የሚማር ልጅ ደግሞ በሳይንስ ፈተና የሚመዘነው በሳይንስ ዕውቀቱ ብቻ ሳይሆን በቋንቋ ችሎታውም ጭምር ነው።

በመሆኑም ወላጆች ከድምሩ ይልቅ ዝርዝሩን መጠየቅ ይኖርባቸዋል። በተከታታይ ምዘና የክፍል ሥራ፣ የቤት ሥራ፣ የቡድን ሥራና ፈተና ለየብቻ ይመዘገባሉ። በፈተና ከፍተኛ፣ በቤት ሥራ ዝቅተኛ ነጥብ ያለው ልጅ ድምሩ መካከለኛ ሆኖ ቢታይም ችግሩ የዕውቀት ላይሆን ይችላል።

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ዜጎች እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማስቻልን ከዓላማዎቹ እንደ አንዱ አስቀምጦ ነበር። በተግባር ግን የልዩ ፍላጎት ትምህርት በአመዛኙ ያተኮረው በአካል ጉዳተኞች ላይ ነው፤ እርሱም ቢሆን ገና ብዙ የሚቀረው ነው። ከዚህ የተነሳ የባለ ተሰጥኦውን ልጅ ጉዳይ ለትምህርት ቤቱ የማቅረቡ ኃላፊነት በወላጅ ላይ ይወድቃል።

ጉዳዩን በቅድሚያ ለክፍል ኃላፊው መምህር ማንሳት ይገባል። «ልጄ ጎበዝ ነው» ማለት ብዙም አያራምድም። ልጁ በራሱ ተነሳሽነት የሠራቸውን ጥያቄዎች፣ የጻፋቸውን ጽሑፎችና ያነበባቸውን መጻሕፍት ዝርዝር ከነቀናቸው ይዞ መቅረብ ግን መምህሩ የሚመረምረው ነገር ይሰጠዋል። 50 እና ከዚያ በላይ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል መምህሩ ይህን ሁሉ በራሱ ያስተውላል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

ጥያቄውም ቁርጥ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ለአብነት፣ ልጁ የሚያውቀውን መልመጃ ትቶ በምትኩ ከበድ ያለ እንዲሰጠው መጠየቅ ይቻላል። «በምትኩ» የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል፤ በነበረው ላይ ሌላ ሥራ መጨመር ልጁን ፈጥኖ በመጨረሱ እንደ መቅጣት ይቆጠራል። በአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ከፍ ካለ ክፍል ጋር እንዲማር ማድረግም ሌላው አማራጭ ነው። በተለምዶ «ደብል» የሚባለው ክፍል ዘሎ ማለፍ ግን የልጁን ዕድሜና ከእኩዮቹ ጋር ያለውን ግንኙነት ስለሚነካ በችኮላ የሚወሰን አይደለም።

መምህሩ ሊያስተናግደው ያልቻለው ጥያቄ ወደ ርእሰ መምህሩ፣ ከዚያም ወደ ወላጅና መምህር ኅብረት ሊቀርብ ይችላል። ለውይይቱ አመቺ የሚሆነው ካርድ የሚታደልበት የተጨናነቀ ዕለት ሳይሆን፣ መምህሩ የመንፈቀ ዓመቱን ዕቅድ በሚያዘጋጅበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።