የስፌት መኪና መለዋወጫ ገበያ፦ ከስሙ በፊት ቁጥሩ

የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ በሚሰፋበት በነሐሴና በመስከረም፣ እንዲሁም በገናና በፋሲካ ዋዜማ፣ ለልብስ ሰፊ ከቆመ መኪና የከፋ ወጪ የለም። መርፌ ወይም ቦቢን ጠፍቶ፣ አለዚያም ተገዝቶ አልገጥም ብሎ የአንድ ቀን ሥራ ሲቀር፣ ደንበኛው ጨርቁን ይዞ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ፣ የአራዳ ነጋዴና ባለሙያ ወደተለያየ አካባቢ ሄዷል። መኪናውን አሳምሮ የሚያውቅለት ጠጋኝ ከአጠገቡ የራቀበት ሰፊ፣ መርካቶ ወርዶ ምን እንደሚገዛ ራሱ ማወቅ ይኖርበታል። ይሁንና «የሲንጀር መርፌ ስጠኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ሲንጀር የሚለው ስም በአገራችን የስፌት መኪና ሁሉ መጠሪያ ሆኗልና።

አንዱ ለሌላው ለምን ገጠመ?

አሜሪካዊው አይዛክ ሲንጀር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1851 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1856 የመብት ባለቤት የሆኑ ኩባንያዎች ተስማምተው ከሌሎች አምራቾች ክፍያ ሲሰበስቡ ቆዩ፤ ስምምነቱ በ1877 አበቃ። ከዚያ ወዲህ መኪናውን ለመሥራት የሚከለክል አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የጃፓን ፋብሪካዎች «15» ተብሎ የሚታወቀውን የሲንጀር ሞዴል መሠረት በማድረግ የቤት መኪናን በአንድ የጋራ ንድፍ መሥራት ጀመሩ። የአንዱ ፋብሪካ ዕቃ ለሌላው ስለገጠመ የማምረቻ ወጪ ወረደ። በተርፍላይን የመሳሰሉ የቻይና ምርቶችም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። በእግር የሚነዳው ጥቁሩ መኪና ስሙ ቢለያይም ሆዱ የሚመሳሰለው በዚህ ምክንያት ነው።

መርፌ

የቤት መኪና መርፌ ኤችኤ×1 ይባላል። 15×1 እና 130/705 ኤች የሚሉትም የዚሁ መርፌ ሌሎች ስሞች ናቸው። ተረከዙ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው። የፋብሪካ ቀጥ ስፌት መኪና በአብዛኛው የሚወስደው ግን ተረከዙ ድቡልቡል የሆነውን ዲቢ×1ን ሲሆን፣ በአንዳንድ ማሸጊያ ላይ 16×231 ወይም 1738 ተብሎ ይጻፋል። ጁኪም ሆነ ጃክ በዚህ ዓይነት መኪናቸው ይህንኑ ይጠቀማሉ።

ከዲቢ×1 ጋር የሚምታታው ዲፒ×5 ነው። የመጀመሪያው ተረከዝ ውፍረት 1.62 ሚሊሜትር፣ የሁለተኛው 2 ሚሊሜትር ነው። ወፍራሙ ለቀጭኑ በተሠራው ቀዳዳ አይገባም። ቀጭኑ በሰፊው ቀዳዳ ቢገባም ወደ ጎን ያደላል፤ ክር የሚይዘውን መንጠቆ ሊመታም ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚገዛው መርፌ ብቻ መሆኑ ይቀርና መንጠቆም ይጨመራል።

90/14 የሚለው ጽሑፍ ደግሞ መጠን እንጂ ዓይነት አይደለም። 90 ማለት የመርፌው ውፍረት 0.9 ሚሊሜትር ነው ማለት ሲሆን፣ 14 የዚሁ መጠን ሌላ አጠራር ነው። ስለዚህ ገዢ ዓይነቱንም መጠኑንም መናገር አለበት።

ቦቢን

ለዓይን በጣም የሚያሳስተው ቦቢን ነው። የ«15» እና የ«66» ቦቢኖች ስፋታቸው ተቀራራቢ፣ የቁመታቸው ልዩነትም ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። የመጀመሪያው ጎኑ ጠፍጣፋ ሲሆን የሁለተኛው ጎበጥ ይላል። አንዱ በሌላው ቤት ቢገባ የታችኛው ክር ይላላል ወይም ይጠላለፋል፤ ሰፊውም ጥፋቱን በክሩ ላይ ያላክካል። የፋብሪካ መኪና ቦቢን ቁመቱ ወደ 9 ሚሊሜትር ስለሆነ በቀላሉ ይለያል።

ሞተርና ቦርድ

ከጠረጴዛ ሥር ታስሮ በቺንጋ የሚያሽከረክረው ሞተር ከአንድ መኪና ወደ ሌላ ሲዛወር ብዙ አያስቸግርም። አሮጌውን ከባድ ሞተር አንሥቶ መብራት በሚቆጥበው ሰርቮ ሞተር መተካት የሚቻለውም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ሞተሩ ከራሱ ከመኪናው ጋር የተያያዘበት አዲሱ ዓይነት በኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ይታዘዛል። ቦርዱ የየኩባንያው ነው፤ የአንዱ በሌላው አይሠራም፤ በአንድ ኩባንያ ሞዴሎች መካከል እንኳ ሊለያይ ይችላል። የመኪናው ብረት ለሁሉም ክፍት የሆነውን ያህል ቦርዱ ዝግ ነው።

ለነጋዴው ምን ማለት ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ይል የነበረው የዶላር ይፋ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ በሙሉ ተጨማሪ ካፒታል ስለሚጠይቅ የማይሸጥ ዕቃ መደርደር ከቀድሞው የበለጠ ያከስራል። እንበልና ቸርቻሪው ለመርፌ የመደበውን 100 ሺህ ብር በአምስት የንግድ ስሞች ቢያከፋፍል ለእያንዳንዱ 20 ሺህ ይደርሳል። አምስቱም ዲቢ×1 ከሆኑ አንዱን ዕቃ አምስት ጊዜ ገዛ ማለት ነው። ገንዘቡን በ11፣ በ14፣ በ16 እና በ18 ቁጥር መጠኖች ቢያከፋፍለው ግን ከስስ ሸሚዝ እስከ ጂንስ የሚሰፋውን ደንበኛ ሁሉ ያስተናግዳል።

መግጠም ብቻውን ግን የጥራት ዋስትና አይደለም። ብረቱ ደካማ የሆነ መርፌም ይገጥማል፤ ቶሎ ይጎብጣል፣ ክር ይበጥሳል እንጂ። ስም ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ፣ ቁጥሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

አዲስ መኪና የሚገዛም ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ መርፌው የትኛው ዓይነት ነው? ቦቢኑስ? ቦርዱ ቢቃጠል ተተኪው ከማን ሱቅ፣ በስንት ብር ይገኛል? ሦስተኛውን የማይመልስ ሻጭ መኪናውን በርካሽ ቢሰጥም፣ ልዩነቱ ነሐሴ ላይ መኪናው ሲቆም ይከፈላል።