ቦርጭ ማጥፊያው በዶላር ይገባል፤ ባለሙያውስ ከየት ይመጣል?

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘው ሉማሜ፣ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ፣ በገበያ ረገድ የጤፍና የስንዴ አገር ናት። ቤት የሚሠራው፣ ልጅ የሚማረው፣ ዕዳ የሚከፈለው በእህል ነው። በእንዲህ ያለች ከተማ ስለ ሰውነት ቅርጽ ማስተካከያ፣ በገበያ ስሙ ስለ “ቦርጭ ማጥፊያ”፣ ማንሳት ቀልድ ይመስል ይሆናል። ሆኖም ለዚህ ሥራ መሣሪያውን የሚገዛው የአዲስ አበባ ባለሀብት ቢሆን፣ መሣሪያውን የሚይዘው እጅ የሚመጣው እንደ ሉማሜ ካሉ ከተሞች ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት በበኩሉ ትምህርቱንም መንገዱንም አውኳል። ዩኒቨርሲቲ ያልገባች ልጅ ከምታያቸው ጥቂት በሮች አንዱ የፀጉርና የውበት ሥልጠና ነው። ወላጅ ጥቂት ኩንታል ጤፍ ሸጦ ይከፍላል፤ ልጅቱ የምስክር ወረቀት ይዛ ትመጣለች። ለመሆኑ ያ ወረቀት ምን ያህል ያወጣል? ጥያቄው የወላጁ ብቻ ሳይሆን የቀጣሪውም ነው።

ስለ መሣሪያው

በሀገራችን ሞላ ያለ ሰውነት የደላው ሰው ምልክት ሆኖ ኖሯል። ዛሬም ቢሆን ገበያው ጠባብ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች ከልክ በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ሲሆኑ ከልክ በላይ የከሱት 22 በመቶ ነበሩ። ይሁንና ውፍረቱ የሚበዛው በከተማ ነው፤ ከፋይ ደንበኛም ያለው እዚያው ነው።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ስብን በቅዝቃዜ የሚያጠፋው ነው። መነሻው የሕፃናት ጉንጭ ነበር። በረዶ የሚመጠምጡ ሕፃናት የጉንጫቸው ስብ በቅዝቃዜ እንደሚጎዳ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1970 ጽፈው ነበር። በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተመራማሪዎች ዲተር ማንስታይንና ሮክስ አንደርሰን ቆዳን ሳይጎዱ ስብን ብቻ የሚያቀዘቅዝ ዘዴ አወጡ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 ለጎን፣ በ2012 ለሆድ ፈቀደው። አምራቹን ዜልቲክን እ.ኤ.አ. በ2017 አለርጋን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ወደ 2.5 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛው። ገንዘብ እንዳለበት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ታዲያ መሣሪያው የሚሠራው በጣት ተቆንጥጦ በሚያዘው፣ ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ላይ ነው። ውጤቱ የሚታየው ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ሲሆን የሚቀንሰውም የስቡን ውፍረት አንድ አምስተኛ ወይም አንድ አራተኛ ያህል ነው። ሆድ ዕቃን ከቦ የተቀመጠውን ስብ አይነካውም። ብዙ የተቀመጠ ነጋዴ የሚያማርርበት ጠንካራ ቦርጭ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የውስጡ ነው። ለእንዲህ ያለው ደንበኛ መሣሪያው ጥቅም የለውም።

ለአንዳንዱ ደግሞ አደጋ ነው። ደማቸው ለቅዝቃዜ የተለየ ጠባይ የሚያሳይ ሕሙማን በቅዝቃዜው መሣሪያ ሥር መተኛት የለባቸውም። በሬዲዮ ሞገድ ስብን የሚያሞቀው መሣሪያ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ለተገጠመለት ሰውና ለነፍሰ ጡር አይሆንም። አልፎ አልፎም ስቡ በመቀነስ ፈንታ ደድሮ የሚያብጥበት ሁኔታ እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ሆኗል። ታዋቂዋ የካናዳ ሞዴል ሊንዳ ኢቫንጀሊስታ ይህ እንደደረሰባት ገልጻ እ.ኤ.አ. በ2021 የ50 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሥርታ ነበር፤ ጉዳዩ በተከታዩ ዓመት በስምምነት ተዘጋ።

እንግዲህ የሠለጠነ ባለሙያ የሚታወቀው ቁልፍ በመጫኑ አይደለም። ቁልፍ መጫን በአንድ ቀን ይለመዳል። የሠለጠነው የሚታወቀው በሚመልሰው ደንበኛ ነው።

ሦስት ወረቀቶች

በገበያው ላይ ሦስት ዓይነት ወረቀት ይገኛል። የመጀመሪያው መሣሪያውን የሸጠው አስመጪ የሚሰጠው ነው። ሻጩ ገዢውን “አላለፍክም” ብሎ ለመመለስ የሚያበቃ ምክንያት ስለሌለው፣ ይህ ወረቀት ከደረሰኝ እምብዛም አይለይም። ሁለተኛው የማሠልጠኛው የምስክር ወረቀት ነው፤ ልጅቱ መማሯን ይናገራል፤ መቻሏን ግን የሚመሰክረው ያው ክፍያ የተቀበለው ተቋም ነው። ሦስተኛው ሲኦሲ በሚል ስም የሚታወቀው የብቃት ምዘና ነው።

በነሐሴ 2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ቁም ነገሩ ይኸው ነው፦ የሚያሠለጥን ሌላ፣ የሚመዝን ሌላ። ተመዛኙ በቃልና በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በተግባር ይፈተናል፤ ውጤቱም “ብቁ” ወይም “ገና ብቁ ያልሆነ” ነው። በመደበኛ ትምህርት ያልገባች፣ ሳሎን ውስጥ እየሠራች የተማረች ልጅም ልትመዘን ትችላለች።

ይሁን እንጂ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ምዘናው የሚጸናው በተመዘኑበት ሙያ ነው። በፀጉርና በውበት ሥራ “ብቁ” የተባለች ልጅ በዚያ ሥራ ብቁ ናት፤ የሬዲዮ ሞገድ መሣሪያ ለመያዝ ተፈትናለች ማለት ግን አይደለም። በዚህ ረገድ ወደኋላ የቀረነው እኛ ብቻ አይደለንም። በእንግሊዝ ለቀዶ ጥገና አልባ የውበት ሥራዎች የፈቃድ ሥርዓት እንዲዘረጋ ለመንግሥት ሥልጣን የሰጠው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

የባለሀብቱ ሒሳብ

መሣሪያው 10,000 ዶላር ያወጣል እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 570,000 ብር ገደማ ነበር፤ ዶላር 120 ብር ሲገባ 1.2 ሚሊዮን ብር ሆነ። ባለሀብቱ ይህን ሁሉ ካወጣ በኋላ ለሠራተኛ ሥልጠና ሲሆን እጁ ይሰበሰባል። ሠልጥና ትሄድብኛለች የሚለው ሥጋትም አለ።

አሁን ደግሞ ለምሳሌ ያህል በአንድ ጊዜ 5,000 ብር ይከፈላል እንበል። በቀን ከሚመጡ 10 ደንበኞች ሦስቱን “ለእርስዎ አይሆንም” ብላ የምትመልስ ሠራተኛ 15,000 ብር ያሳጣች ትመስላለች። ከሦስቱ አንዷ ብትቃጠል ግን የሕክምናው ወጪ፣ የካሣው ክርክርና በሰፈር የሚነዛው ወሬ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ደመወዝን በደንበኛ ቁጥር ብቻ የሚከፍል ባለሀብት ሠራተኛው ማንንም እንዳትመልስ እየከፈለ ነው። ሥልጠናውን ራሱ ያፈርሰዋል።

ለሥራው ደረጃ በደረጃ ማደግ የሚያዋጣ መሆኑን ያሳዩም አሉ። አቶ ታዲዮስ ጌታቸው በለጠ ቦስተን ውስጥ በሳሎን ሥራ ከቆዩ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ቦስተን ዴይ ስፓን ከፈቱ፤ የኩሪፍቱ ሪዞርቶች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የቀደመው ሙያው ነው፤ ሕንፃው ተከተለ።

የሉማሜ ወላጅም ጤፉን ከመሸጡ በፊት ማሠልጠኛውን ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል። ፈታኙ ማን ነው? ልጄ በሰው ላይ ስንት ሰዓት ትለማመዳለች? የማይታከመውን ሰው መለየት ታስተምሯታላችሁ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ማሠልጠኛ ወረቀት ሻጭ ነው። ቀጣሪውም ያንኑ ሦስት ጥያቄ ለአመልካቿ ቢያቀርብ የወረቀት ገበያው በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል።

ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ለአጣሪው ይላሉ አበው። እጥር እያለ እሾህ የሚወጋው ግን አጥር መሥራት ሳይማር የገባው ነው።