ከቤት ጎን ማደሪያ ከመሥራት በፊት

  ዛሬ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላላችሁ ስለ ግንባታ ፈቃድ እንነግራችኋለን።

ቀድሞ ከቤት ጎን የሚሠራው በረት ነበር። ዛሬ ግን በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ባጃጅ ያለው ሰው አለ፤ መኪና ያለውም አለ። ንብረቱ ደጅ ሲያድር ባለቤቱ እንቅልፍ የለውም። ስለዚህ በቤቱና በጎረቤቱ አጥር መካከል ያለችውን ክፍት ቦታ ያያል። አራት ቋሚ ልትከል፣ ቆርቆሮ ላልብስ ይላል። «በገዛ ግቢዬ ማን ይከለክለኛል?» ይላል።

ግቢው የእናንተ ነው። በግቢው ላይ የሚሠራው ግን ጎረቤትንም መንገድንም ይነካል። ሕግ የሚገባው ለዚህ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ፈቃድ ያስፈልጋል ያለው ለአዲስ ቤት ብቻ አልነበረም። በነበረው ቤት ላይ መጨመርንም፣ የቤቱን አገልግሎት መለወጥንም ከፈቃድ ጋር አያይዞታል። አዋጁ የወጣው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነበር፤ ያነሱትን ክልሉ ይወስንላቸዋል ብሎ ነበር። ስለዚህ «የእኛ ከተማ ትንሽ ናት» ብላችሁ አትተዉት። ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ሕግ ይሻሻላልና ዛሬ የሚሠራበትን ደንብ ከዚያው ትሰማላችሁ። በገጠር ይዞታ ላይ ያላችሁ ደግሞ የመሬት አስተዳደሩን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ፈቃድ የሚሰጠው ሰው በአዋጁ አጠራር የሕንፃ ሹም ይባላል። ወደ እሱ ስትሄዱ የቦታውን ካርታ ያዙ። ካርታ ማለት ቦታው የእናንተ መሆኑን የሚያረጋግጠው ወረቀት ነው። ፕላንም ያስፈልጋል። ፕላን ማለት ቤቱ የት እንዳለ፣ አጥሩ የት እንዳለ፣ አዲሱ ሥራ የት እንደሚያርፍ በሜትር የሚያሳይ ሥዕል ነው። ሥዕሉን ሌላ ሰው ቢሠራውም ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ። 3 ሜትር የሚለው 8 ሜትር ተብሎ ቢጻፍ ጣጣው የእናንተ ነው።

አንዲት ቃል እዚህ ላይ ታሳስታለች። በእኛ አገር ጋራዥ ስንል መኪና የሚጠገንበትን ቦታ ማለታችን ነው። በውጭ አገር ግን መኪና የሚያድርበትም ቤት ጋራዥ ይባላል። የ2001ዱ አዋጅ ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ በምድብ ከፍሎ ነበር። ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤት ምድብ «ሀ» ነበር። በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ደርብ ሥራም እዚያው ይገባ ነበር። ፋብሪካና ወርክሾፕ ግን ምድብ «ሐ» ነበር፤ ቁጥጥሩም ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ «የመኪና ማደሪያ» ወይም «የባጃጅ ማደሪያ» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ዛሬ ማደሪያ ብላችሁ አስፈቅዳችሁ ነገ መጠገኛ ወይም ሱቅ ብታደርጉት ደግሞ አገልግሎቱን ለወጣችሁ ማለት ነው። እንደገና ማስፈቀድ ይኖርባችኋል።

ታዲያ ሹሙ ለምን ስለ ርቀት ይጠይቃል? ለክርክር የሚዳርገው ብዙውን ጊዜ ውሃ ነው። ቆርቆሮውን እስከ አጥር አድርሳችሁ ወደ ጎረቤት ብታዘነብሉት የክረምቱ ዝናብ በሙሉ እዚያ ይወርዳል። የጎረቤቱ ግድግዳ ጭቃ ከሆነ ሥሩ ይበላል። አንድ ክረምት ይችል ይሆናል፤ ሁለተኛውን እንጃ! ጣሪያውን ወደ ራሳችሁ ግቢ አዘንብሉ። ውሃው ከቤታችሁ መሠረት የሚርቅበት ቦይም አብጁ። ዋልካ መሬት ላይ ከሆናችሁ ይህ የግድ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረትን ይዞ ይነቃነቃል። ቁፋሮውም እንዲሁ ነው፤ ከጎረቤት ግድግዳ ሥር ጠልቃችሁ ብትቆፍሩ ግድግዳው መቆሚያ ያጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል። ጭሱን፣ ሽታውንና ጩኸቱን ሳይቀር ያነሣል።

ጭስ ካነሣን አይቀር፣ የሞተር ጭስ እንደ ከሰል ጭስ ይገድላል። ገዳዩ አየር ሽታም ቀለምም የለውም። ስለዚህ ማደሪያው ልጆች ወደሚተኙበት ክፍል የሚከፈት በር ወይም መስኮት አይኑረው። በሩ ተዘግቶ ሞተር አይነሣ። ቤንዚን ሲተን ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት እየሄደ ምድጃ ይደርሳል። ማድ ቤቱና ማደሪያው ይራራቁ። ቦታው ሁለቱን ካልቻለ፣ ክፍት ዳስ ከተዘጋ ክፍል ይሻላል።

ልኩን በተመለከተ፣ ባጃጅ ርዝመቱ 3 ሜትር አይሞላም። ትንሽ የቤት መኪና 4 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በሩ ሲከፈት ሰው የሚወርድበትን ቦታ ጨምሩበት። ነፋስ መውጫ ያላችሁ ደግሞ የከተማችሁን ስም አስቡ! ጎኑ ክፍት የሆነ ጣሪያን ነፋስ ከሥር ገብቶ ያነሣዋል። ቋሚው ጠልቆ ይተከል፤ ቆርቆሮውም ጠበቅ ተደርጎ ይመታ።

ሳያስፈቅዱ የጀመሩትን ሥራ ሹሙ ሊያስቆም፣ ሊያስፈርስም ይችላል። የቆርቆሮውና የሚስማሩ ገንዘብ የስንት ወር ልፋት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። የቃል ፈቃድ አትቀበሉ። «ሥራው፣ ግድ የለም» ያለው ሰው ነገ ሌላ ቦታ ሊዛወር ይችላል። ወረቀቱን ተቀበሉ። ስማችሁን፣ የቦታውን ቁጥር፣ ልኩን፣ ቀኑን፣ ማኅተሙን እዩ። ያልገባችሁን ቃል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ሹሙ ከከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። አዋጁ ቅሬታ የሚሰማ የይግባኝ ቦርድ እንዲኖር አድርጓል፤ እዚያ ስትሄዱ የምታሳዩት ያንን ወረቀት ነው።