ከማሳው በፊት ግጦሹ

በነሐሴ ወር ከአኖ ወደ ነቀምት የሚያልፍ መንገደኛ፣ በቆሎው ከሰው ቁመት በልጦ ሲያይ፣ ይህ አገር የመሬት ጥበት ያውቃል ብሎ አይገምትም፤ እኔ ግን የመሬት አስተዳደር ባለሙያ እንደ መሆኔ ውርስ ሲከፈል ሜትር ይዤ ከወራሾቹ መካከል ስለምቆም፣ የሕዝቡን መብዛት የማየው ከወሰን ድንጋዩ ላይ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይሰጥ ሲደነግግ፣ የሕግ አውጪው ሥጋት ሰው ብዙ እንዳይዝ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ አዋጅ ቁጥር 130 ግን ወደፊት ለዓመታዊ ሰብል ከግማሽ ሄክታር፣ ለቋሚ ተክል ከሩብ ሄክታር ያነሰ ይዞታ እንዳይኖር ሲያዝ፣ ሥጋቱ ተገልብጦ ጥቂት እንዳይዝ ሆነ። በ1976ቱ ቆጠራ 42 ሚሊዮን ያህል የነበረው የአገሪቱ ሕዝብ በ1999ኙ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኝቷልና። ወራሾቹ ወንድማማቾች ግን ሕጉን የሚያከብሩት በይዞታ ደብተሩ ላይ ብቻ ነው፤ በስም የጋራ ያደረጉትን ማሳ በማረሻ ይከፋፈሉታል።

ይሁን እንጂ አስቀድሞ የሚያልቀው ማሳው አይደለም፤ ግጦሹ ነው። በዚህ አገር ከብቱ የሚያድርበት በረት በእርሻው ላይ በየጥቂቱ ሌሊት እየተነሣ ይተከል ነበር፤ በረቱ ያረፈበትም ቦታ፣ ፍግና ሽንት የጠጣ በመሆኑ፣ በክረምቱ የበቆሎው ቅጠል ጠቁሮ ልክ በገመድ እንደ ተለካ ተለይቶ ይታያል። መስኩ ሲታረስ ከብቱ ያንሳል፤ ከብቱ ሲያንስ በረቱ አይዞርም፤ ብዙ ዝናብ የሚያጥበው ቀይ አፈርም እየኮመጠጠ ስለሚሄድ፣ በሄክታር ብዙ ኩንታል ኖራ የሚሻ ይሆናል። ሕገ ኦሪት በሰባተኛው ዓመት ለምድር ሰንበት ሠርቶላት ነበር፤ የግማሽ ሄክታር ባለቤት ግን ልጆቹን ምን አብልቶ መሬቱን ያሳርፋል?

እንግሊዛዊው ሊቅ ማልተስ እ.ኤ.አ. በ1798 ሰው ከምግቡ ፈጥኖ ይበዛል ሲል ስለ አፍና ስለ እህል አሰበ፤ በመካከል ያለውን በሬ፣ ከነፍጉ፣ በሚገባው መጠን ያሰበበት አይመስለኝም። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ፖሊሲ የወሊድን ቁጥር ለመቀነስ አቅዷል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከቤት ቤት እየዞሩ ያስተምራሉ፤ ሥራቸው መልካም ነው። ዳሩ ግን ዛሬ እኔ ዘንድ ርስት ሊካፈል የሚመጣው ጎልማሳ የተወለደው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት ስለሆነ፣ ዛሬ የሚቀንሰው ወሊድ ለዛሬው ወሰን አይደርስለትም።

ስለዚህ ወራሾች ሲቀርቡ ከማሳው በፊት ስለ ግጦሹ እጠይቃለሁ፤ መስኩ ሳይከፈል የጋራ ሆኖ እንዲቀርና በረቱ በሁሉም ድርሻ ላይ በተራ እንዲዞር እመክራለሁ። ገና ያላገባው ታናሽ ወንድም ብዙውን ጊዜ ይስማማል። ጎጆ የወጣው ታላቅ ግን ድርሻዬ ዛሬውኑ ይለካልኝ ይላል፤ ድርሻው ከዝቅተኛው መጠን እስካላነሰ ድረስ ሕጉም መብቱን ስለሚሰጠው ሜትሩን እዘረጋለሁ።